ከብስኩት ቆርቆሮ እስከ ባልዲ፦ የጓሮ አትክልት ዘር መግዛት፣ መሰብሰብና ማስቀመጥ

የእኔ የዘር ጎተራ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ባለፈው ጳጉሜን ገልብጬ ስቆጥር 43 ዓይነት ዘር አገኘሁበት። አምስት ዓይነት ቲማቲም። ሦስት ዓይነት ሰላጣ። ስሙን በትክክል መጥራት የማልችለው አንድ የቻይና ጎመን። ማን እንደሰጠኝ የረሳሁት የዱባ ፍሬ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በረንዳዬ የሚይዘው ዘጠኝ ባልዲ ብቻ ነው። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት።

በረንዳ ላይ ወይም በቀበሌ ቤት ጓሮ አትክልት የጀመረ ሰው ሁሉ ይህ አመል ይይዘዋል። ዘር ትንሽ ነው፣ ኪስ አይጎዳም፣ ፖስታው ላይ ያለው ቲማቲም ደግሞ ሁልጊዜ ቀይ ነው። መውደዱ ክፋት የለውም። ችግሩ ዘርን እንደ ቴምብር መሰብሰብ ስንጀምር ነው። ቴምብር ባረጀ ቁጥር ይወደዳል። ዘር ግን ባረጀ ቁጥር ይሞታል፣ ያውም ምንም ሳያሳይ። የሞተውም ያልሞተውም መልኩ አንድ ነው።

ስለዚህ ከግዢ አልጀምርም።

ደረጃ 1፦ ቆርቆሮውን ገልብጡ

ያላችሁን ዘር ሁሉ ሰፌድ ላይ ዘርግፉ። ለሦስት ክፈሉት፦ ስሙም ዓመቱም የሚታወቅ፣ ስሙ ብቻ የሚታወቅ፣ ምንም የማይታወቅ። ለሦስተኛው ብዙ አትዘኑ። ባዶ አፈር ካለ በትኑት፣ ከበቀለ በቀለ።

ቀጥሎ ዕድሜውን እዩ። በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ የተቀመጠ ዘር እንደየዓይነቱ ይቆያል። የሽንኩርት ዘር ከሁሉም ቶሎ የሚሞት ነው፤ ዓመት ካለፈው ተጠራጠሩት፣ ሁለት ካለፈው እርሱት። ቃሪያና ካሮት ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያሉ። ፎሶሊያና አተር ሦስት ዓመት። ጎመን፣ ቆስጣና ቲማቲም አራት ዓመት፣ ቲማቲም እንዲያውም ከዚያም ያልፋል። ዱባና ዝኩኒም አራት አምስት ዓመት አይቸገሩም። ምጣድ ቤት ውስጥ፣ እንፋሎቱ መሐል የከረመ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ቁጥር አይሠራም።

ደረጃ 2፦ አሥር ፍሬ፣ አንድ ሶፍት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

አሥር ፍሬ ቁጠሩ። ሶፍት አርጥቡና ጨመቅ አድርጉት፤ ይርጠብ እንጂ አይንጠባጠብ። ፍሬዎቹን በመሥመር ደርድሩ፣ ሶፍቱን አጥፋችሁ ሸፍኗቸውና ትንሽ ፌስታል ውስጥ አስገቡ። አፉን አጥብቃችሁ አትቋጥሩት፤ ዘርም ይተነፍሳል። ፌስታሉ ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፉ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሌሊቷ ለቲማቲምና ለቃሪያ ዘር ይቀዘቅዛል። እኔ ፌስታሉን የማስቀምጠው የቴሌቪዥኑ ሪሲቨር ላይ ነው። ቤተሰቡ ተከታታይ ድራማውን ሲያይ ቃሪያዬ ትሞቃለች። የሰላጣ ዘር ተቃራኒ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ይተኛል፣ ሲበቅልም ብርሃን ይወዳል። እሱን መስኮት አጠገብ ተዉት።

ጎመን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነጭ ሥሯን ታወጣለች። ቲማቲም ሳምንት አካባቢ ይፈልጋል። ቃሪያና ካሮት ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ሦስት ያስጠብቃሉ። በየቀኑ መግለጥ አያስፈልግም። እኔ እገልጣለሁ፤ እናንተ ታገሡ።

ስምንትና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘራችሁ ጤነኛ ነው። አምስት ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩት። ከሦስት በታች ከሆነ ለአፈሩና ለውኃው ድካም አይመጥንም። የበቀሉትን ደግሞ አትጣሏቸው። ሥሩ ሶፍቱ ውስጥ ገብቶ ከሆነ አታላቁት፣ ሶፍቱን ዙሪያውን ቆርጣችሁ ከነሱ ጋር አፈር ውስጥ ቅበሩት።

እኔ 43ቱን በዚህ መንገድ ሳጣራ 14ቱ ሞተው ተገኙ። አንዱ ሁለት ጊዜ ከቤት ቤት ሳዞረው የነበረ ሽንኩርት ነው።

ደረጃ 3፦ የት ይገዛል?

ዘር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ባለሥዕል ፖስታ ነው። እኔ መጀመሪያ የምሄደው ግን ቅመም ሻጮች ጋ ነው። መርካቶ ይሁን ሾላ፣ ከጆንያዎቹ ፊት ቁሙና ተመልከቱ። ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ አብሽ፣ ሰናፍጭ፣ ጎመን ዘር። ሁሉም ዘር ናቸው። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ያልተቆላ ነው?» የተቆላ ዘር ለወጥ እንጂ ለአፈር አይሆንም። የተወሰነ አዲስ አበባዊ ሰው ድንብላል በፖስታ ከውጭ ያስመጣል፤ ሰፈሩ ያለችው ቅመም ሻጭ በሲኒ ሰፍራ የምትሰጠውን።

ስለ ድንብላል አንድ ነገር ላሳያችሁ። ያቺ ክብ ፍሬ አንድ ዘር አይደለችም፣ ሁለት ናት። ጠረጴዛ ላይ በትናችሁ ጠርሙስ ቀስ አድርጋችሁ አንከባልሉባት፤ እኩል ለሁለት ትከፈላለች። እንዳትፈጯት ብቻ። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሯትና በማግስቱ ዝሯት። ሳትከፍሉ ብትዘሯትም ትበቅላለች፣ ግን ትዘገያለች፣ መንትዮቹም እርስ በርስ ይሻማሉ። ከወር በኋላ ለዳጣ የሚሆን ቅጠል ትቆርጣላችሁ።

በርበሬ የሚያሰናዳ ቤት ካወቃችሁ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። በርበሬው ከመቀንጠሱና ከመደለሁ በፊት ሁለት ዛላ ለምኑ። ረዘም ያለውን፣ ቀለሙ እኩል የቀላውን፣ ነጠብጣብ የሌለበትን ምረጡ። ፀሐይ ላይ የደረቀ በርበሬ ዘሩ በሕይወት አለ። ነጭ ሽንኩርት ዘር አያስፈልገውም፤ ፍሬ ፍሬውን ለያይቶ ትልልቁን መትከል ነው።

ከቅመም ተራ ቀጥሎ የእርሻ ዘርና መድኃኒት የሚሸጡ ሱቆች አሉ። እነዚህ ሱቆች የቆሙት ለገበሬ ነው፣ ለባለ ዘጠኝ ባልዲ አይደለም። አንድ ግራም የቲማቲም ዘር 300 ገደማ ፍሬ አለው። 10 ግራም ስትገዙ 3,000 እግር ቲማቲም ተሸክማችሁ ታክሲ ተሳፈራችሁ ማለት ነው። የሰላጣ ዘር ደግሞ በግራም 800 ገደማ ነው።

መፍትሔው ዕቁብ ነው። እኛ አምስት ሆነን የዘር ዕቁብ ጀምረናል። አንድ ቆርቆሮ እንገዛለን፣ በዚያው ቀን ቡና ተፈልቶ በሻይ ማንኪያ እንካፈላለን። «በዚያው ቀን» ያልኩት አለምክንያት አይደለም። የታሸገ ቆርቆሮ አንዴ ከተከፈተ ዘሩ ከአየሩ እርጥበት መጠጣት ይጀምራል። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ ከተከፈተ ቆርቆሮ በማንኪያ ለክተው በወረቀት ጠቅልለው ሲሰጧችሁ ሁለት ነገር ማድረግ ያለባችሁ። «መቼ ነው የተከፈተው?» በሉ። ከዚያ የቆርቆሮውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በወረቀት የተጠቀለለ ዘር ቤት ሲደርስ ስም የለውም።

በስም ጠይቁ። «የቲማቲም ዘር» ካላችሁ ሻጩ ቅርቡ ያለውን ነው የሚያነሳው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ውስጥ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ቲማቲም፣ አዳማ ቀይ ሽንኩርት፣ ማረቆ ፋና በርበሬ ይገኛሉ። የእነዚህ ጥቅም ዘራቸውን ራሳችሁ መልሳችሁ መሰብሰብ መቻላችሁ ነው (ሽንኩርቱ ለባልዲ ባይመችም፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ)። አንድ ጊዜ ገዝታችሁ ለዓመታት ትኖሩበታላችሁ። መልካሳ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ግን እዚህ ከተባለው ቀን ዘግይተው ነው የሚያፈሩት።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚመጣ ዘር? እዚህ ላይ ቆጠብ በሉ። ዘር ድንበር ሲሻገር የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። ሻንጣ ውስጥ ካልሲ መሐል የሚገባ ነገር አይደለም፤ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት የቀኑ ርዝመት ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ረጅሙ ቀናችን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አይዘልም። ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ረጅም የበጋ ቀን የተሠራ ሽንኩርት ደግሞ ራስ ለመቋጠር 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ይፈልጋል። እዚህ ብትዘሩት ቅጠሉ ያምራል፣ ዓመት ይቆማል፣ ራስ አይቋጥርም። እኔ ስምንት ወር ጠብቄዋለሁ። አፈሩ አልተስማማውም ብዬ ሦስት ጊዜ አፈር ቀይሬለታለሁ።

ደረጃ 4፦ ፖስታውን እስከ ታች አንብቡ

መጀመሪያ ዓመቱ። ይህ የእኛ አገር ልዩ ወጥመድ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ (ስሙ ይቅር) ጀርባው ላይ «2018» የሚል ማኅተም ያለበት የሽንኩርት ዘር አነሳሁ። ሻጩ «የዘንድሮ ነው» አለኝ። በእኛ አቆጣጠር እውነት ነበር። ማኅተሙ ግን የፈረንጅ ነበር፤ ዘሩ ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ከአሥር ፍሬ ዜሮ በቀለ። እዚህ የታሸገ ከሆነ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ፤ ከውጭ የመጣ ከሆነ የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ። የወር ስም በፈረንጅ ቋንቋ ከተጻፈ ነገሩ አልቋል።

ቀጥሎ «ኤፍ 1» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሃይብሪድ ነው ማለት ነው፦ ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የወጣ የመጀመሪያ ትውልድ። ምርቱ ብዙ፣ ፍሬው እኩል ነው፣ ብዙ ጊዜም በሽታ ይችላል። ለመብላት ግዙት፣ እኔም እገዛለሁ። ዘሩን ግን አትሰብስቡ። ልጆቹ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ ጎምዛዛ ሆነው ይበተናሉ።

ዘሩ ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ቀለሙ ለውበት አይደለም። ፀረ ሻጋታ ኬሚካል የተቀባ መሆኑን ማሳወቂያ ነው። እጃችሁን ታጠቡ፣ ከልጅ አርቁት፣ ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አታገናኙት። የተረፈውን ለዶሮም አትስጡ።

«በ70 ቀን ይደርሳል» የሚለውን ደግሞ እንደ ምኞት ቁጠሩት። ያ ቁጥር የተለካው ሌሊቱም ሞቅ በሚል አገር ነው።

ደረጃ 5፦ ከራሳችሁ ባልዲ መሰብሰብ

አንዳንድ አትክልት ከማንም ሳይዳቀል ራሱን በራሱ ይጨርሳል። ፎሶሊያ፣ አተር፣ ሰላጣና ቲማቲም እንዲህ ናቸው። በእነዚህ ጀምሩ።

ፎሶሊያና አተር ሕፃንም ይችላቸዋል። ሁለት ሦስት እግር ሳትቆርጡ ተዉ። እሸቱ ቢጫ ሆኖ ደርቆ፣ ስትነቀንቁት ሲንኳኳ ፈልፍሉት። ሰላጣ አገዳ አውጥቶ ትንንሽ ቢጫ አበባ ያብባል፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነጭ ጥጥ መሳይ ሲሸከም ጭንቅላቱን ወረቀት ከረጢት ውስጥ አጎንብሳችሁ አራግፉት። ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይደርስ በየሁለት ቀኑ ተመለሱ።

ቲማቲም ትንሽ ሥራ አለው። በጣም የበሰለውን፣ ለስላሳ የሆነውን ፍሬ ምረጡ። ለሁለት ቁረጡትና ዘሩን ከነውኃው ብርጭቆ ውስጥ ጭመቁት። እያንዳንዱ ዘር ዙሪያውን የሚያሙለጨልጭ ነገር እንደለበሰ ታያላችሁ። ያ ልባስ ዘሩ ፍሬው ውስጥ እያለ እንዳይበቅል የሚከለክለው ነው። እሱን ለማስለቀቅ ማስቦካት ነው። ከሁለት እስከ አራት ቀን ክዳኑ ላላ ብሎ ይቀመጥ፤ በክረምት ቅዝቃዜ አራቱን ቀን ስጡት። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ይጋግራል። ሽታው መጥፎ ነው፤ ቤት ውስጥ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ። ቡኮው ልባሱን ያሟሟል፣ ዘሩ ላይ ተጣብቀው የሚመጡ አንዳንድ በሽታዎችንም ይቀንሳል። ከአራት ቀን አታሳልፉ፣ እዚያው መብቀል ይጀምራል።

ከዚያ ውኃ ጨምሩና አማስሉት። ደህናው ዘር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ገለባውና ፍሬ አልባው ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን ድፉ፣ በሻይ ማጥለያ አጥልሉ፣ ውኃው ንጹሕ እስኪሆን እጠቡ። ሰሃን ላይ አሰጡት። ሶፍት ላይ አታድርጉት፤ ተጣብቆ አይለቅም። በቀን ሁለቴ በጣታችሁ እያፈረሳችሁ በትኑት።

ከጉሊት የተገዛ ቲማቲም ዘሩ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ይበቅላል። ግን ከመቂና ከባቱ አካባቢ የሚመጣው ቲማቲም ብዙው ሃይብሪድ ነው፤ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ለጨዋታ ሞክሩት፣ ባልዲ ከተረፋችሁ።

ቃሪያ ላይ ሁለት ነገር። አረንጓዴው ቃሪያ ዘሩ ገና ጥሬ ነው፤ እግሩ ላይ ቀልቶ እስኪጨማደድ ጠብቁ። ሁለተኛ፣ ቃሪያ ከጎረቤቱ ጋር መዳቀል ይወዳል። ሚጥሚጣና ጣፋጭ የፈረንጅ ቃሪያ ጎን ለጎን ከተከላችሁ የዘንድሮው ፍሬ አይለወጥም፤ ከዘሩ የሚወጣው የከርሞው ግን ሊያቃጥላችሁ ይችላል። ለዘር የምትፈልጉትን ቅርንጫፍ አበባው ሳይከፈት በስስ ሻሽ ከረጢት ሸፍኑት፣ በቀን አንዴ ነቅነቅ አድርጉት፣ ፍሬ ሲይዝ ከረጢቱን አንሱና ክር እሰሩበት። ሲፈለፍሉ ጓንት። ያለ ጓንት ፈልፍዬ ዓይኔን ያሸሁበትን ቀን አልረሳውም።

አሁን ወደምወደው፣ ወደ ሐበሻ ጎመን።

ጎመናችን የሰናፍጭ ዘመድና የጥቅል ጎመን ዘመድ ድሮ በተፈጥሮ ተዳቅለው የወለዷት ናት፤ ያ የሚሰነፍጥ ጠረኗ ከዚያ የመጣ ነው። መገኛዋም ይኸው የእኛው ደጋ ነው። የሩሲያው ሳይንቲስት ቫቪሎቭ በፈረንጆች 1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ዘር የሰበሰበው አለምክንያት አልነበረም። እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክ ደግሞ በ1976 (በነሱው አቆጣጠር) ተቋቋመ። ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬው ዘር ከማሳው እንዳይጠፋ ላደረጉት ሥራ በ1989 (ይኼም በፈረንጅ) ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ዘር ባንኩ በቅዝቃዜ ያስቀምጣል። ጎመን ግን ብዙውን ዘመኗን የኖረችው በእናቶች ጨርቅ ቋጠሮ ውስጥ ነው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ግቢያቸው ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች ዕቃ መሐል ቋጠሮዋን አይቻለሁ።

ዘሯን ለመያዝ ቢያንስ አምስት ስድስት እግር አንድ ላይ ያብቡ። ከአንድ እግር ብቻ በየዓመቱ ከያዛችሁ ዘሩ እየደከመ ይሄዳል። ደግሞ ሁሉም ሰው የሚሠራት ስሕተት አለች፦ መጀመሪያ ያበበችውን ለዘር መተው። ቀድማ ያበበች ጎመን ቅጠል ሳታበላ የቸኮለች ናት። ዘሯን ብትይዙ ልጆቿም ቸኳይ ይሆናሉ። ቀድመው አገዳ ያወጡትን ቁረጡና ብሉ። ለዘር የሚቀሩት ቅጠል አብልተው አብልተው በመጨረሻ የሚያብቡት ናቸው።

ስታብብ ንብ ትወርዳለች፣ ክሽክሽም (ቅጠልና አገዳ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ይወርድባታል። ክሽክሹን በቀላል ሳሙና ውኃ እጠቡላት። ከአበባው በኋላ ቀጫጭን ቀንድ የመሰሉ ፍሬዎች ትይዛለች። ከታች ያሉት ቀድመው ይደርቃሉ። የታችኞቹ ቢጫ ሆነው ውስጣቸው ያለው ዘር ሲጠቁር፣ ከላይ ያሉትን አትጠብቁ፤ ወፍ ይቀድማችኋል፣ የደረቀውም ሊረግፍ ይችላል። ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ አገዳውን ቁረጡ፣ አሮጌ የትራስ ልብስ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ጥላ ላይ ስቀሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከረጢቱን በእጃችሁ እሹት፣ ሰፌድ ላይ ገልብጡና አበጥሩ። ማበጠር ካልቻላችሁ (እኔ አልችልም፣ ግማሹ ጎረቤት በረንዳ ነው የሚያርፈው) የሚችል ጥሩ።

የዱባ ዘር ቤት ውስጥ ዱባ ወጥ ሲሠራ ነፃ ነው፤ አጥቦ ማድረቅ ብቻ። ከዝኩኒ ወይም ከጌጥ ዱባ ጋር የተዳቀለ ሊሆን ስለሚችል ግን ከተዘራው የወጣው ፍሬ መራራ ከሆነ አትብሉት። መራራነቱ ያማል።

ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት? ተዉአቸው። ዘር ለመስጠት ሁለት ወቅትና ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። ባልዲ ለዓመት ከመንፈቅ ከማስያዝ ዘሩን መግዛት ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ማድረቅ፣ ማሸግ፣ ስም መጻፍ

ዘርን የሚገድሉት እርጥበትና ሙቀት ናቸው። የቆየ የዘር ባለሙያዎች ሕግ አለ፦ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ሲቀንስ፣ ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ጥላ ውስጥ፣ አየር ባለበት፣ ሁለት ሳምንት አድርቁ። ፎሶሊያ መድረቁን የምታውቁት በመዶሻ መታ ስታደርጉት ሲሰበር ነው፤ ከጎደጎደ ገና ነው።

በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ ምንም አይደርቅም። ያኔ አንድ ጭብጥ ሩዝ በብረት ምጣድ ቡናማ እስኪሆን ቁሉ፣ የማር ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ክዳኑን ዝጉ። ሲቀዘቅዝ ዘሩን በወረቀት ፖስታ እላዩ ላይ አድርጋችሁ መልሳችሁ ዝጉ። ሩዙ እርጥበቱን ይጠጣል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣዋ ትንሽ ከረጢትም ትሠራለች፣ ግን ብዙ ጊዜ ጠጥታ ጠግባ ነው የምትመጣው።

ከዚያ ጠርሙሱ ወደ ፍሪጅ። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ግድ የለም። ስታወጡት ግን ወዲያው አትክፈቱት፤ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ። ካልሆነ አየሩ ቀዝቃዛው ዘር ላይ ጤዛ ይሆናል። ፎሶሊያና ባቄላ ነቀዝ የሚፈራላቸው ከሆነ በደንብ ከደረቁ በኋላ ሳምንት ፍሪዘር ይክረሙ።

ስሙን በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በእርጥበት ይፈሳል። ዓይነቱን፣ ከማን እንዳገኛችሁት፣ ወሩንና ዓመቱን ከነ «ዓ.ም»። ይህን የምለው ተቀጥቼ ነው። ያኔ፣ ገና ግቢ ቤት ሳለን፣ የሦስት ዓመት የጎመን ዘሬን ስም በሌለው የቡና ጣሳ አስቀምጬ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ቤቱ እንጀራ እንጀራ ይሸታል። አክስቴ ምጣዷን እያሰሰች ነው። ጣሳው አጠገቧ ክፍት ነው፣ ከታች ሁለት ማንኪያ ያህል ቀርቷል። «ልጄ፣ ይኼን የመሰለ ጎመን ዘር ከየት አመጣህ? ምጣዱ መስታወት ሆነ እኮ!» አለችኝ። ምን ይባላል? እንጀራው በእውነት አንድም አልተጣበቀም።

ዛሬ የማበቅላት ጎመን ከዚያች ሁለት ማንኪያ የተረፈች ናት። አክስቴም የራሷ ጣሳ አላት፤ «የምጣድ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል።

ደረጃ 7፦ መቼ ይዘራል?

ለዘር የምትፈልጓትን ጎመን በሰኔ መጀመሪያ ዝሩ። ክረምቱን ቅጠሏን ትበላላችሁ፣ ክረምቱ ሲወጣ ታብባለች፣ ዘሯ በበጋው ደረቅ አየር እስከ ጥር ይደርቃል። ቆስጣና ሰላጣም ከሰኔ ጋር ይስማማሉ። ቲማቲም ግን ክረምት ጠላቱ ነው፤ ቅጠሉ በሳምንት ውስጥ ጠቁሮ ይረግፋል። ዘሩን በነሐሴ ቤት ውስጥ ዝሩና ችግኙን መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ሲለቅ፣ ፀሐይ ወዳለበት አውጡት። ቃሪያም እንዲሁ። ፎሶሊያ ውኃ ካላችሁ ከመስከረም እስከ የካቲት ይዘራል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ያንቀራፍፈዋል። ድንብላልና ፌጦ ወር አይመርጡም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቆርቆሮዬ ውስጥ የቀረው 19 ዓይነት ነው። አሥሩ ከሞቱት ውጭ በዕቁቡ ለሰው ሄደዋል። ቅዳሜ መርካቶ እወጣለሁ። ጫማ ልገዛ ነው። ጫማ ብቻ።